የልጆች ገጻችሁ ታሪኩን ድንበር ላይ ጥሎታል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤታችንን የንባብ ክበብ እመራለሁ። የክበቡ ዋና መጽሐፍ የእናንተ ጋዜጣ የልጆች ገጽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለዚህ ዕድሜ የሚሆን አዲስ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ገጹን እየቆረጥኩ ካርቶን ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ልጆቹ በየተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ።

በቅርቡ ስለ ቲቤት ቡድሂስቶች መሪ፣ ስለ አሥራ አራተኛው ዳላይ ላማ ያወጣችሁትንም እንዲሁ አነበብነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ገበሬ ቤት የተወለደ ልጅ፣ ሺህ ክፍል ያለው ቤተ መንግሥት፣ በሌሊት ማምለጥ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነው ያዳመጡት። ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው። ጽሑፉ ሰውየውን ከተራራው አሻግሮ ሕንድ ያደርሳቸውና በሰላም ኖሩ ብሎ ይዘጋል። ያን ጊዜ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ። አሁን 90 ሞልቷቸዋል። ይህ ሁሉ ዕድሜ የት ገባ?

ጥያቄውን ያነሳችው አንዲት ተማሪዬ ናት። ከተማችን ውስጥ ተፈናቃዮች የሰፈሩባቸው ጣቢያዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ከዚያ የሚመጡ ልጆች በክፍሌ አሉ፤ እሷም አንዷ ናት። ንባቡ ሲያልቅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ አብረዋቸው የተሰደዱት ልጆችስ ትምህርት ቤት ገቡ?" አለችኝ። ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት። መልስ የለውም።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ዓርብ ራሴ አዘጋጅቼ ነገርኳቸው። ለእናንተም ልጻፈው፤ ምናልባት ለጽሑፉ ተከታይ ክፍል ታወጡለት ይሆናል። ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከልጅነቱ ልጀምር። እናንተም በደንብ ጽፋችሁታል፤ ግን ልጅ የሚያስቀው ነገር ቀርቷል። ልጁ የተወለደው ሐምሌ 6 ቀን 1935 ነው፤ አምዶ በሚባለው የቲቤት ክፍል፣ ታክትሰር በምትባል ትንሽ መንደር። ስሙ ላሞ ቶንዱፕ ይባል ነበር። እናቱ 16 ልጆች ወልደው ያደጉላቸው 7 ብቻ ናቸው። ቤተሰቡ ገብስና ድንች ያመርታል። የዘወትር ምግባቸው ጻምፓ የእኛው በሶ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፣ ከዚያ ቅቤና ጨው በገባበት ሻይ ይታሻል። ይህን ስነግራቸው የደብረ ብርሃን ልጆች ቲቤትን ወዲያው የጎረቤት አገር አደረጓት። ገብስና ብርድ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ልጁ እናቱን ተከትሎ ወደ ዶሮዎቹ ቤት ይገባና እንቁላል ከመልቀም ይልቅ ጎጆው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ዶሮ ይጮህ ነበር። ሌላው ጨዋታው ደግሞ ዕቃውን በከረጢት ሸክፎ ወደ ቲቤት ዋና ከተማ "ላሳ ልሄድ ነው" ማለት ነው። ይህን ኋላ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። ክበባችን ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ በላይ የተወደደው የዶሮው ነገር ነው። እናንተ ደግሞ ስለ ጣሪያው ወርቅ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥታችኋል።

አሥራ ሦስተኛው ዳላይ ላማ ያረፉት በ1933 ነው። የቲቤት ቡድሂስቶች ዳላይ ላማ ሲያርፍ ሰውን ለመርዳት ዳግመኛ ይወለዳል ብለው ያምናሉ። ፈላጊ መነኮሳት እየዞሩ ታክትሰር ደረሱ። መሪያቸው አገልጋይ መስሎ ገባ። አንገቱ ላይ የሟቹን መቁጠሪያ አድርጓል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ መቁጠሪያውን ስጠኝ ብሎ ሙጭጭ አለበት። በኋላም መነኮሳቱ የሟቹን ዕቃዎች ከሌሎች ጋር ቀላቅለው አቀረቡለት፤ መቁጠሪያ፣ ምርኩዝ፣ ትንሽ ከበሮ። የሟቹን እየለየ "የኔ ነው" አለ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ጽሑፋችሁ የሟቹ ነፍስ ወደ ሕፃኑ ገባች ብሎ ልክ እንደ ዜና ጽፎታል። ከንባቡ በኋላ አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። "መምህርት፣ ልጄ ሰው ሞቶ ተመልሶ ይወለዳል እያለች ነው። ምንድን ነው የሚያስተምሯቸው?" አሉኝ። አልተቆጣሁም። እውነታቸውን ነው። ቡድሂስቶች እንዲህ ያምናሉ ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ አባትየው ቤታቸው ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጡ ነበር። የሰው እምነት ይነገራል፤ የማን እምነት እንደሆነም አብሮ ይነገራል። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሲሄዱ እሳቸው ራሳቸው "እና ያ ልጅ እናቱን አልናፈቀም?" ብለው ጠየቁኝ።

ናፍቋል። ለዚያውም ከአካባቢው መውጣቱ ራሱ ቀላል አልነበረም። አምዶን የያዘው የጦር አበጋዝ ማ ቡፋንግ ብዙ ገንዘብ ካልተከፈለኝ አልለቀውም ብሎ ነገሩ ተጓተተ። በ1939 ክረምት ጉዞ ሆነ። ላሳ ለመድረስ ከሦስት ወር በላይ ፈጀ። ልጁና ታላቅ ወንድሙ ሎብሳንግ ሳምተን ሁለት በቅሎዎች በተሸከሙት ቃሬዛ መሰል መቀመጫ ውስጥ ተጭነው ነበር የሚሄዱት። መንገድ ላይ ይጣላሉ። መቀመጫው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ነጂው ያቆምና እናታቸውን ይጠራል። እናት ስትመጣ የሚያለቅሰው ሁልጊዜ ታላቁ ነው። ትንሹ የአራት ዓመቱ ዳላይ ላማ ድል እንዳደረገ ሰው ቁጭ ብሏል።

በየካቲት 1940 ፖታላ ቤተ መንግሥት ውስጥ በዙፋን ተቀመጠ። ፖታላ ፎቶው ያምራል፤ ለልጅ ግን ቤት አይደለም። መኝታ ቤቱ ጨለማና ብርድ ነው። ሌሊት አይጦች መጋረጃው ላይ ይሯሯጣሉ። የጨዋታ ጓደኞቹ ጠራጊዎቹ ነበሩ። ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወንድሙም ተለየው። ቀን ቀን ጽሑፍ፣ ቃል ጥናት፣ ክርክር።

መዝናኛው መፍታትና መግጠም ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የላኩለት የወርቅ ሰዓት ገና በልጅነቱ እጁ ገባ። ሰዓት መጠገን እስከ ዛሬ የሚወዱት ነገር ሆነ። ላሳ ውስጥ ደግሞ ሦስት መኪናዎች ቆመው ነበር፤ ሁለት ትናንሽ ኦስቲኖችና አንድ ዶጅ። ለአሥራ ሦስተኛው ዳላይ ላማ ተፈታተው በተራራ መንገድ ተጭነው የመጡ ናቸው። ወጣቱ አንዱን ኦስቲን ሰርቆ ነዳና ከዛፍ ጋር አጋጨው። የፊት መብራቱ መስታወት ተሰበረ። ሌላ መስታወት አስገባ፤ ግን የድሮው ቀለም ነበረው። ምን አደረገ? ስኳር አቅልጦ ቀባበት። በክበባችን የሳቁት ሳቅ ርዕሰ መምህሩን ከቢሮ አስወጥቷቸዋል።

ቴሌስኮፕም ነበረው። ከፖታላ ጣሪያ ላሳን ያይበታል። ከሥር የወህኒ ቤት ግቢ አለ። እስረኞቹ ሲያዩት መሬት ላይ ተደፍተው ይሰግዳሉ። ሁሉንም በመልክ ያውቃቸዋል። ኅዳር 17 ቀን 1950 ገና በ15 ዓመቱ የመንግሥቱን ሥልጣን ሲረከብ እስረኞቹ በምሕረት ተፈቱ። ኋላ ሲያስታውሱት ግቢው ባዶ ሆኖ የሚያዩት ሰው ማጣታቸውን ይናገራሉ።

በዚያ ዕድሜ ሥልጣን የተረከቡት የቻይና ጦር በጥቅምት ወር ወደ ቲቤት ስለገባ ነው። በግንቦት 1951 ቤጂንግ ላይ አሥራ ሰባት ነጥብ ያለው ስምምነት ተፈረመ። ቻይና ቲቤት ድሮም የእኔ ናት፣ ሕዝቡን ከጭሰኝነት ነፃ አወጣሁት ትላለች። ጽሑፋችሁ ይህን ጭራሽ አላነሳም። መነሳት ነበረበት ባይ ነኝ። የድሮዋ ቲቤት ገነት አልነበረችም። መሬቱ የመንግሥት፣ የመኳንንትና የገዳማት ነበር፤ ዕዳ ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። ወጣቱ ዳላይ ላማ ራሳቸው ይህን የዕዳ ውርስ አስቀርተዋል። የእኛ ልጆች ጭሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ከአያቶቻቸው ሰምተዋል፤ አይከብዳቸውም። ከዚያ በኋላ ጭሰኝነትን ለማስቀረት የውጭ ጦር መግባት ነበረበት ወይ ብለው ራሳቸው ይከራከሩ። ተከራክረዋልም።

በ1954 ቤጂንግ ሄደው የቻይናውን መሪ ማኦን አገኙ። ለመስማማት ለዓመታት ሞከሩ። መጋቢት 1959 ላይ ግን አልተቻለም። የቻይና ጦር አዛዥ የጭፈራ ትርኢት እንዲያዩ ጠሩዋቸው፤ የታጠቀ ጠባቂ አይምጣ ተባለ። ወሬው ላሳ ውስጥ ተዛመተ። መጋቢት 10 ቀን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ኖርቡሊንካ የተባለውን የበጋ ቤተ መንግሥት ከበበ፤ መሪያችንን አትወስዱም አለ። መጋቢት 17 ሁለት የሞርታር ጥይቶች አጥሩ አጠገብ ወደቁ። በዚያው ሌሊት የተራ ወታደር ልብስ ለበሱ፤ ጠመንጃ አነገቱ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወንዙን ተሻገሩ። ከሁለት ሳምንት ጉዞ በኋላ መጋቢት 31 ቀን የሕንድን ድንበር አለፉ። ጽሑፋችሁ በፈረስ ጋልበው ይላል። ሆዳቸውን በጣም አሟቸው ስለነበር የገቡት ከያክና ከላም በተዳቀለ ዞ በሚባል እንስሳ ጀርባ ላይ ነው። ከላሳ ደግሞ የሞቱት ሰዎች ወሬ ከኋላቸው ይደርሳቸው ነበር።

እናንተ እዚህ ጋ አቆማችሁ። ልጆቹ ግን ከዚህ ነው የጀመሩት። "እንደ ጃንሆይ ተመለሱ?" አለ አንዱ። ጃንሆይ በ1936 ወጥተው በ1941 ተመልሰዋል። እኚህ አልተመለሱም። ላሳን ከዚያች ሌሊት ወዲህ አላዩዋትም።

ተከትሏቸው ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተሰደደ። ከደጋ ብርድ የወጣ ሰው አሳም ውስጥ ሚሳማሪ በተባለ ካምፕ ሙቀት ውስጥ ሰፈረ። ብዙዎች በበሽታ ሞቱ። ቡክሳ የድሮ እስር ቤት ነበር፤ መነኮሳቱ እዚያ ገብተው ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ ፈጃቸው። የቀረው ሕዝብ በሰሜን ሕንድ ተራሮች ላይ መንገድ ሥራ ገባ። እናትና አባት ድንጋይ ይፈልጣሉ፤ ሕፃናት መንገድ ዳር ይውላሉ።

ዳላይ ላማ ከጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ዘንድ ቀርበው የጠየቁት ብዙ ነገር ነበር። የፖለቲካው ብዙም አልቀናቸውም። ኔህሩ ከቻይና ጋር መጣላት አልፈለጉም። አንዱን ግን ሳያቅማሙ ተቀበሉ፤ ለቲቤት ልጆች የራሳቸው ትምህርት ቤት እንዲከፈትና ወጪውን የሕንድ መንግሥት እንዲችል። በ1960 መጋቢት ላይ ሙሱሪ ከተማ የመጀመሪያው ተከፈተ። ግንቦት 17 ቀን ደግሞ 51 ሕፃናት ከመንገድ ሥራ ካምፕ ዳላይ ላማ ወደሚኖሩባት የሰሜን ሕንድ ከተማ ዳራምሳላ ደረሱ። የታመሙ፣ በረሃብ የከሱ ነበሩ። የተቀበሏቸው የዳላይ ላማ ታላቅ እህት ጼሪንግ ዶልማ ናቸው። እሳቸው በ1964 ሲሞቱ ታናሽ እህታቸው ጄትሱን ፔማ ተተኩና ለአሥርት ዓመታት መሩት። የቲቤት ሕፃናት መንደር የሚባለው ይህ ነው። ልጆቹ በየቤቱ ተከፋፍለው ከአንዲት የቤት እናት ጋር ይኖራሉ፤ አማላ ይሏታል። በኋላ ከኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደሮች ጋር ተሳሰረ። መቀሌ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያሉትን የምታውቁት ማለት ነው። በቲቤትኛም፣ በሂንዲም፣ በእንግሊዝኛም ይማራሉ። እዚያ ተምረው ሐኪም፣ መምህር፣ ሕንድ ያለው የቲቤት የስደት መንግሥት ሠራተኛ የሆኑ ብዙ ናቸው።

"ገቡ" አልኳት ልጅቷን። "መጀመሪያ ግን ምግብና ሐኪም አስፈለጋቸው።" ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ይህን እኔ ልነግራት አያስፈልግም ነበር።

ሌላው የተዘለለው የሥልጣኑ ነገር ነው። ስደት ላይ ያለ መሪ ወንበሩን አጥብቆ ይይዛል ብላችሁ ታስባላችሁ። እሳቸው በ1960 የተመረጡ ተወካዮች ያሉበት ሸንጎ አቋቋሙ። በ1963 በወጣው ረቂቅ ሕገ መንግሥት ደግሞ ሸንጎው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የዳላይ ላማን ሥልጣን መውሰድ ይችላል የሚል አንቀጽ አስገቡ። ሕዝቡ ተቃወመ፤ እንዴት ተደርጎ! እሳቸው ይግባ ብለው ጸኑ። በመጨረሻ በ2011 የፖለቲካ ሥልጣናቸውን ሙሉ በሙሉ ለተመረጠ መሪ አስረከቡ፤ የሃይማኖቱ አባትነት ብቻ ቀራቸው። የ1989ኙን የኖቤል የሰላም ሽልማት በትልቁ ጽፋችኋል፤ ይህችን አንድ መስመር ነፈጋችኋት። ለእኔ ሽልማቱ ከዚህ ያንሳል። ሽልማት ሌላ ሰው ይሰጥሃል። የክፍል አለቃ በምርጫ ለሚመርጥ የአምስተኛ ክፍል ተማሪም ይህኛው ነው የሚገባው። ሁለት ዓመት አለቃ ሆኖ የቆየው ልጃችን በዚያ ቀን በጎሪጥ ታይቷል።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ለልጆች ይነገራል ወይ ብዬ አስቤበታለሁ። በግንቦት 1995 ዳላይ ላማ ጌዱን ቾኪ ኒማ የተባለ የስድስት ዓመት ልጅ ፓንቼን ላማ ነው ብለው አወቁት፤ በቲቤት ቡድሂስቶች ዘንድ ትልቅ የሃይማኖት አባት ማለት ነው። በቀናት ውስጥ የቻይና መንግሥት ልጁንና ቤተሰቡን ወሰዳቸው። በምትኩ ሌላ ልጅ ሾመ። የመጀመሪያው ልጅ ከዚያ ወዲህ በአደባባይ አልታየም። ቻይና እንደማንኛውም ሰው በሰላም እየኖረ ነው ትላለች። እኔ ነገርኳቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ላይ የደረሰን ነገር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መስማት ይችላል ብዬ ነው። እናንተ ሌላ ሐሳብ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እሰማለሁ።

ይህን ካልነገራችኋቸው የዛሬው ዜና አይገባቸውም። ሐምሌ 2025 ላይ 90ኛ ልደታቸው ሲከበር ከእኔ በኋላም ዳላይ ላማ ይኖራል፤ የሚቀጥለውን የመለየት መብትም እኔ ያቋቋምኩት የጋደን ፎድራንግ ድርጅት ብቻ ነው ብለዋል። ቤጂንግ ደግሞ ያለ እኔ ፈቃድ አይሆንም ትላለች። ሃይማኖት የለኝም የሚል ፓርቲ ማን ዳግመኛ እንደተወለደ እወስናለሁ ሲል ልጆቹ ምን እንዳሉ ባልጽፈው ይሻላል።

እንግዲህ ተከታይ ክፍል ብታወጡ ደስ ይለናል። ካርታ ይኑረው። ላሳ የት፣ ዳራምሳላ የት እንደሆነ በጣታቸው ይከተሉ፤ ያለፈው ሥዕል ላይ ያለው ተራራ የስዊዘርላንድ የቸኮሌት መጠቅለያ ነው የሚመስለው። ዶሮዋም ትግባ። አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ቦታ ካላችሁ ደግሞ ፖታላን ቀንሱና ለ51ዱ ሕፃናት ስጡልኝ።

የልጆቹን ጥያቄዎች በእጃቸው እንደጻፏቸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ፊደል አላረምኩም። ጋዜጣው እዚህ የሚደርሰን ዘግይቶ ስለሆነ፣ የሚወጣበትን ቀን ቀደም ብላችሁ ብታሳውቁኝ ሁለት ቅጂ አስቀምጡልኝ እላለሁ ለሻጩ። አንዱ ለካርቶን፣ አንዱ ለዚያ አባት።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት የአምስተኛ ክፍል መምህርት
ደብረ ብርሃን